የተጠየቅሁባት ሌሊት

መንጌ፣ ኅዳር 2018

ልጄ፣

ማሽላው ደርሶ አጨዳ ልንጀምር ነው። ወንዙም ስለጎደለ እናትሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወርቅ ልታጥብ በማለዳ ትወርዳለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ተይ ብላት አትሰማኝም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ እንደ ወትሮው አልነበረም። «አባ፣ እኔ ግን የየት ነኝ?» ብለሽ ዝም ስትዪ፣ የምመልሰው ጠፍቶኝ ዱዓ አድርጌልሽ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ስትጠይቀኝ አፌ መያዙ ከነከነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ይኸው፣ እናትሽ ቡናውን እያፈላች እኔ እጽፍልሻለሁ።

በደንብ መስማቴን እንድታውቂ የነገርሽኝን ልድገመው። መሥሪያ ቤት የሰጡሽ ቅጽ ላይ «ብሔር» የሚል አንድ መስመር ነበረ። የእኔን ሞላሽ። አጠገብሽ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ አየችሽና «አትመስዪም» አለችሽ። ወሎ ለአክስትሽ ልጅ ሠርግ ስትሄጂ «የበርታዋ ልጅ» ተብለሽ ነበር። እዚህ መንጌ ትንሽ ሳለሽ ደግሞ ልጆቹ ሲጣሉሽ «የሰፋሪ ልጅ» ይሉሽ ነበር፤ እያለቀስሽ ስትመጪ አስታውሳለሁ። አሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ የምትጋሪውን ሰው ስም ሳታውቂ ሁለት ዓመት ሞላሽ። ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ «አላውቃቸው፣ ምን ብዬ እገባለሁ?» ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ አለፍሽ። ከነገርሽኝ ሁሉ ያንጀቴን የበላው ይሄኛው ነው።

ልጄ፣ አብሽሪ። አንቺ የጠየቅሽውን እኔም ከአንቺ ባነሰ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ። ታሪኩን በቁንጽል ነው የምታውቂው፤ ዛሬ ከነሥሩ ልንገርሽ።

እዚህ አሶሳ አገር የገባሁት በ1977 ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወሎ፣ ወረባቡ ላይ ሁለት ክረምት ዝናብ ከድቶን በሬዎቻችን አልቀዋል። ካድሬዎቹ መጥተው ቆጠሩንና በአውቶቡስ ጫኑን። በዚያ ዘመን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብ የተወሰደው ሰው ወደ 600,000 ይደርሳል። አሶሳ ያኔ የወለጋ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ከእኛም በፊት በ1971 የመጡ ሰፋሪዎች ነበሩባት። ለእኛ የተሰጠን ቀርከሃ የተመነጠረበት ሜዳ ነው። መንደሩ ስም አልነበረውም፣ ቁጥር እንጂ። አሶሳ ዙሪያ ዛሬም አምባ 14፣ ሰልጋ 24 እየተባለ ሲጠራ ትሰሚያለሽ፤ ያ የሰፈራው ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ወባ ታናሽ ወንድሜን ወሰደብን። ያን ጊዜ አባቴ «ሰው አገሩ ካልሆነ ቀብሩም አያምርም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ልቡ እዚህ አልነበረም።

ጥር 1982 ላይ አሶሳ በጦርነት ተይዛ ስንት ሰፋሪ አለቀ፣ ስንቱ ተበተነ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አባቴ «አገሬ እገባለሁ» ብሎ እኔን አስከትሎ ወረባቡ ተመለሰ። ዘመድ እያለቀሰ ተቀበለን። እግራችንን አጠቡን፣ ዶሮ አረዱልን። መሬታችን ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አዝመራ ቆሞበታል። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም አምስት ልጆች አሉት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያጎቴ ሚስት ቡና እየቀዳች ለአባቴ «እንግዲህ ወደ አገራችሁ መቼ ትነሳላችሁ?» አለችው። አስባበት አልነበረም፣ እንዲሁ ለወግ ነው። አባቴ ሲኒውን ሳይጨርስ አስቀመጠው። በሳምንቱ ወደ አሶሳ መንገድ ጀመርን። ቀብሩ እዚያው በቁጥር በሚጠራው መንደር ነው፤ ከወንድሜ አጠገብ።

አየሽ፣ «የየት ነኝ» የሚለው ጥያቄ ከእናትሽና ከእኔ መጋባት የመጣ አይምሰልሽ። አንቺ ሳትወለጂ ቤታችን ነበረ።

አስተማሪ ሆኜ መንጌ ስመደብ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ሰው ሁሉ «ኡስታዝ» እያለ ይጠራኛል። ቤት ስገባ የተሻለው ዱካ ለእኔ ነው፤ ሻዩ በስኳር ተሞልቶ ቀድሞ ለእኔ ይቀዳል። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሲቀርብ መሐሉን ወደ እኔ ያዞሩልኛል። ወሎ ላይ እንኳ እንዲያ የተከበርኩበት ጊዜ የለም። ነገር ግን ለቅሶ ሲኖር ሰው ሁሉ ሲያዋጣ እኔም እጄን ኪሴ ስከት፣ ገንዘብ ሰብሳቢው ሽማግሌ እጄን ይዞ መልሶ ያጥፈዋል። «ተወው ኡስታዝ፣ አንተ እንግዳ ነህ» ይለኛል። የመጀመሪያው ጊዜ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ጊዜ ግራ ገባኝ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ይህን እናትሽም አታውቀውም። ሰው በክብር ከደጅ ሊቀር እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከመግሪብ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ። እኩለ ሌሊት አልፎ በሩ ተንኳኳ። ፋኖሱን ይዤ ስወጣ የጎረቤቴ ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። አያቱ እህል ሊያስፈጭ ከሄደበት መንደር ሞቶ ኖሯል። ሬሳው በሌሊት ተነሥቶ ንጋት ላይ እዚህ መቀበር አለበት። መንገዱ መኪና አያስገባም፤ ወጣቱም አብዛኛው ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው። ልጁ አልተለማመጠኝም፣ ይቅርታም አልጠየቀኝም። «ኡስታዝ፣ ትከሻህን አምጣ» ብሎኝ ዞሮ ሄደ።

ቃሬዛው የቀርከሃ ነበር። ቀርከሃ ሲረጥብ እንዴት እንደሚያንሸራትት ታውቂያለሽ። ስምንት ሆነን አራት አራት እየተፈራረቅን ተሸከምን። አንዱ ሲደክመው ከኋላ ያለው ትከሻውን ከሥር ያስገባና፣ ተሸካሚው ሳይቆም እንደሚሄድ ሹልክ ብሎ ይወጣለታል። ሬሳው መሬት አይነካም፤ ጉዞውም አይቋረጥም። ይህን የሚያስተምርሽ የለም። ከኋላሽ ያለው ሰው ትንፋሽ ጆሮሽ ላይ ሲደርስ ትከሻሽን ዝቅ ታደርጊለታለሽ፣ በቃ። ከወንዙ ወዲህ ባለው ዳገት ላይ እግሬ ከዳኝና በጉልበቴ ተደፋሁ። ቃሬዛው ግን አልወደቀም፤ የማን እንደሆነ ያላየሁት ትከሻ ከሥሬ ገብቶ ነበር። ጀርባዬን መታ አድርጎ «ተነሥ» ያለኝ ያ እጄን ሲያጥፍ የኖረው ሽማግሌ ነው። ንጋት ላይ ቀብረን ስንመለስ የመዋጮ ደብተሩን አወጣና ስሜን በዐረብ ፊደል ከሁለት የመንደሩ ሰዎች ስም መሐል አስገብቶ ጻፈው። ከጎኑ 15 ብር። «ዘንድሮ ያልከፈልከው ነው» አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ በደስታ የከፈልኩት ዕዳ የለም።

የኔ ልጅ፣ አማርኛችን ለዚህ ነገር አንዲት ቃል አላት፤ ሳስተምራት ኖሬ በደንብ ያየኋት ግን ከዚያ በኋላ ነው። «ጠየቀ» እንላለን። የማናውቀውን እንጠይቃለን። የቸገረው ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠይቃል። የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ያዘነውን ደግሞ ሄደን እንጠይቃለን። ሰው ሲመርቅ «ጠያቂ አያሳጣህ» ይላል። ሦስቱም አንድ ቃል መሆናቸው በከንቱ አይመስለኝም። ሰው ቦታ አለው የሚባለው ሲታመም የሚጠይቀው ሲኖር ነው፤ እሱ ራሱ ሌሊት በሩ ተንኳኩቶ ሲጠየቅም ነው። እኔ ሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነበረኝ፣ ሁለተኛው አልነበረኝም። ጥጋቤ አይምሰልሽ፤ ሲጎድልሽ ነው የምታውቂው። አንቺ አሁን የጎደለሽ እሱ ይመስለኛል። ደሞዝ አለሽ፣ ክፍል አለሽ፣ ጓደኛም አታጪም። አንድም ሰው ግን «ትከሻሽን አምጪ» አላለሽም።

ይህን ስነግርሽ እኔ ተጠይቄ ሌላው ሳይጠየቅ የቀረበትን እንዳልረሳ። የእናትሽ አባት፣ አላህ ይማረውና፣ ልጁን ሊሰጠኝ ከወሰነ በኋላ አንድ ቀን ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። «እናንተን ሲያመጧችሁ ማን እኛን ጠየቀን?» አለኝ። ክፋት በድምፁ አልነበረም። ያ ለእኛ የተመነጠረ የቀርከሃ ሜዳ ባዶ መሬት አልነበረም። በርታዎች አርሰው አርሰው ያሳርፉት የነበረ ነው፤ ክረምት ሲገባ የቀርከሃ ቡቃያ የሚለቅሙበት፣ ማር የሚቆርጡበት ነበር። እኛንም የጠየቀን አልነበረም፤ ቆጥረው ጫኑን እንጂ። ያልተጠየቀ ሕዝብ ባልተጠየቀ ሕዝብ ላይ ነው የተራገፈው። ሁለታችን ያን ዕለት ይህን ስንባባል ብዙ ነገር ቀለለን።

ደግሞም የእሱ ሕዝብ ከውጭ የመጣን ሰው የሚጠራጠርበት ምክንያት አለው። በ1890 የራስ መኮንን ጦር መጥቶ ቤኒሻንጉልን ለአፄ ምኒልክ ካስገበረ በኋላ ከዚህ የሚሄደው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ተፈንግሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ በፊትም ከሱዳን በኩል የመጡት እንዲሁ ናቸው። ጉለሌ ከሄድሽ የሼህ ሆጀሌን ቤት ጠይቂ። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ እያስገባ አዲስ አበባ ያሠራው ቤት ነው። የእናትሽ ወገን ለዚያች ከተማ ባዳ እንዳልሆነ በዓይንሽ ታያለሽ። የግንቡን ውበት ስታዪ ግን ወርቁን ያጠቡትን እጆች አስቢ፤ ያጠቡትም እናትሽ ዛሬ ማለዳ በወረደችበት ወንዝ ነው።

የወረቀቱንም ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ሁሉ ነገር በቃሬዛ ይፈታል ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። በ1995 ተሻሽሎ የወጣው የክልላችን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል፤ ሌሎቹን ነዋሪዎች ብሎ ያውቃቸዋል። በ1992 ምርጫ ለመወዳደር የቀረቡ ሰፋሪዎች የብሔረሰቡን ቋንቋ አትችሉም ተብለው ተከለከሉ። አቤት ብለው ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1995 የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ በዚያ ምክንያት ሊከለከሉ አይገባም ብሎ ወሰነ። እናትሽ በአንቀጹ ባለቤት ናት። እኔ ነዋሪ ነኝ። አንቺ ምን እንደሆንሽ አንቀጹ አይናገርም። ሲዋጥ የኖረ ሕዝብ ዳግም እንዳልዋጥ ብሎ የጻፈው መሆኑ ይገባኛል፣ የእናትሽ አባት አስረድቶኛል። ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እትብቱ እዚሁ ተቀብሮ፣ እዚሁ የሚሞት ልጅ «ነዋሪ» ሲባል መኖሩ ልክ አይደለም፤ ይህንንም ለእሱ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። በ1999 ሕዝብ ሲቆጠር ክልሉ 784,345 ሰው ነበረው። ብዙ የተባለው በርታ ከአራት አንድ ገደማ ነው። አማራውና ጉሙዙ ከአምስት አንድ ትንሽ ዘለል ይላሉ፤ ኦሮሞው ከዚያ ያንሳል። እዚህ አገር ሁሉም ጥቂት ነው፣ ልጄ። ሁሉም እንዳይዋጥ ይፈራል።

ፍርሃቱ ደም ያፈሰሰበትም ጊዜ አለ። ሰኔ 2010 አሶሳ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲሞት፣ አንቺ ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበርሽ አላየሽውም። ወሬው መንጌ በደረሰበት ማታ በሩን ቀርቅረን ከእናትሽ ጋር ቁጭ አልን። ከደጅ ድምፅ ስንሰማ ልባችን ቀጥ አለ። በቀዳዳ ሳይ አምስት ሰዎች ግንዱ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። ሁለቱ ያን ሌሊት ቃሬዛ የተፈራረቁኝ ናቸው። «ተኛ ኡስታዝ» አሉኝ። እስኪነጋ እዚያው ነበሩ። ማንም የላካቸው የለም።

ቢላልን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ታሪኩን ሳትሰሚ አትተኚም ነበር። ሐበሻ፣ መካ ላይ ባሪያ፣ ነገድ የሌለው ሰው። ከባርነት ነፃ ሲወጣ «እንኳን ደህና መጣህ» ብቻ አልተባለም። «ውጣና አዛን በል» ተባለ። ነቢዩ፣ ሰላምና እዝነት በእሳቸው ላይ ይሁን፣ ሥራ ሰጡት። መዲና ማለዳ የምትነቃው በእሱ ድምፅ ሆነ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ነፃ መውጣቱ አይደለም፤ መጠየቁ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ድንኳን ልመለስ። ለቅሶ ቤት ለመግባት ሟቹን ማወቅ አያስፈልግሽም። ሰልስቱ ቢያልፍም እቤታቸው ሄደሽ በሩን አንኳኪ። «ከአራተኛ ፎቅ ነኝ» በይ። ክርስቲያን ከሆኑ «እግዜር ያጥናችሁ»፣ እስላም ከሆኑ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብለሽ ቁጭ በይ። ብዙ አታውሪ። ትንሽ ቆይተሽ ተነሺና ሲኒዎቹ ወዳሉበት ሂጂ፤ የሚያጥቡ ሴቶች አይጠፉም። እጅጌሽን ሰብስበሽ ከጎናቸው ቁሚ። «ተዪው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» ቢሉሽ እንደ እኔ ሦስት ዓመት አትጠብቂ፤ ሳትመልሺ ማጠብሽን ቀጥዪ። ከዚያ በሳምንቱ የእድሩን ጸሐፊ ፈልጊና ተመዝገቢ። ወርኃዊውን በወሩ ክፈዪ፣ ስብሰባውን አትቅሪ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያዢ። የምትሸሺው ቅጽ ላይ ያለውን መስመር ከሆነ እሱን ተዪው፤ ፋይዳ መታወቂያሽ ላይ ብሔር የሚል ነገር እንኳ የለም። «አትመስዪም» ያለችሽንም ልጅ አትጥያት። አንድ ቀን ስትታመም ሄደሽ ጠይቂያት።

የእናትሽን ቋንቋ፣ ሩጣንኛሽንም አትርሺ። ከእናትሽ ጋር ስትደዋወሉ አማርኛ እየቀላቀልሽ መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔ በሃያ ምናምን ዓመቴ ከተማሪዎቼ እየለቀምኩ የተማርኩትን ቋንቋ አንቺ ከጡት ጋር የጠጣሽው ነው። ባለፈው ጊዜ ቅልና ቀርከሃ እየነፋን ስንጨፍር የላክንልሽን ቪዲዮ ደጋግመሽ እንዳየሽ ነግረሽኛል። አንዱ ጥሩንባ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ካልነፋ ዜማው ይጎድላል። ሽማግሌዎቹ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሴት ልጆቹን ወገን ወደ መሐል ሲጠሩ ስምሽን ጠርተው ነበር፤ ጫጫታው ውስጥ ላይሰማሽ ይችላል።

ሌላም ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ያ ስሜን ደብተሩ ላይ የጻፈው ሽማግሌ ከሞተ ቆየ፤ ደብተሩን አሁን የያዘው ልጁ ነው። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ አስቆመኝና «ኡስታዝ፣ ልጅቷ ሥራ ይዛለች አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ደብተሩን ከፈተና ከእኔ ስም ቀጥሎ ያንቺን ጻፈ። ከጎኑ 100 ብር። እኔ ልከፍልልሽ እጄን ኪሴ ስከት አልተቀበለኝም፤ «እሷ ትክፈል» አለ።

እስከ ወሩ መጨረሻ በቴሌብር ላኪልኝ፤ ወስጄ እሰጥልሻለሁ።

አባትሽ